194,313፦ ፋሲካን ተሸክሞ የሚዞረው ቁጥር

ቁጥሩ ይሄ ነው፦ 194,313።

ስልክ ቁጥር እንዳይባል አራት አሃዝ ይጎድለዋል። የሎተሪ ዕጣም አይደለም። የቀን ብዛት ነው። ዛሬን ተነስታችሁ 194,313 ቀን ወደፊት ብትቆጥሩ፣ የሳምንቱ ቀን ያው የዛሬው ይሆናል። ወሩና ቀኑ ያው፣ ዘመኑ በስሙ የሚጠራው ወንጌላዊ ያው፣ የዚያ ዓመት ፋሲካም ዘንድሮ የዋለበት ቀን ላይ ይውላል። ሁሉም ነገር አንድ ላይ፣ ልክ እንደ አዲስ። በዓመት ሲቆጠር 532 ዓመት ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይሄን ዙር «ዐቢይ ቀመር» ይሉታል።

ቆይ፣ ለምን 532? ለምን 500 ወይ 600 አልሆነም? መልሱ ሃይማኖት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ያውም 5ኛና 6ኛ ክፍል ላይ የተማርነው፦ ቀሪ፣ ብቸኛ ቁጥር፣ ትንሹ የጋራ ብዜት። ያኔ «ይሄ ምን ይጠቅመናል?» ብለን የተውነው ማለት ነው።

መጀመሪያ፣ ለሽሮ ሜዳ ምን ይጠቅማል?

ጉለሌን የሚያውቅ ሽሮ ሜዳን ያውቃል። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ የተሰቀለው ነጠላ፣ ጋቢ፣ የሀበሻ ቀሚስ የአካባቢው መልክ ነው። ከሱቆቹ ጀርባ ደግሞ ሸማኔው አለ። ድሩን አድርቶ፣ ማጉን አጠንጥኖ፣ ጥለቱን ጥሎ ቀሚስ እስኪወጣው ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ሥራው የሚታቀደው በበዓል ነው። በዓሉ ደግሞ ቦታ ይቀይራል።

እስኪ ሦስት ዓመት እንይ፦

• የ2017 ፋሲካ፦ ሚያዝያ 12
• የ2018 ፋሲካ፦ ሚያዝያ 4
• የ2019 ፋሲካ፦ ሚያዝያ 24

ከ2017ቱ እስከ 2018ቱ ያለው ርቀት 357 ቀን ነው፤ ልክ 51 ሳምንት። ከ2018ቱ እስከ 2019ኙ ግን 385 ቀን፤ 55 ሳምንት። በመሃላቸው 28 ቀን ልዩነት አለ። የሱቅ ኪራይ በየወሩ ለሚከፍልና ፋሲካን ጠብቆ ለሚሸጥ ሰው፣ 28 ቀን ማለት አንድ ተጨማሪ የኪራይ ወር ነው ማለት ይቻላል። ክርም በዱቤ ወስዶ ከሆነ ጭንቁ የባሰ ነው።

ሰርግም አለ። ከጥምቀት በኋላ የሚጀምረው የሰርግ ወቅት ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል። በ2018 ጾሙ የገባው የካቲት 9 ስለሆነ፣ ከጥር 11 ጀምሮ ያለው ጊዜ 28 ቀን ብቻ ነው። በ2019 ግን ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ነው፤ ጊዜው 48 ቀን ይሆናል። የነነዌን ሦስት ቀን ከሁለቱም ብትቀንሱ እንኳ 20 ቀን ትርፍ አለ። ይሄን ቀድሞ ያወቀ ሸማኔ፣ ዲኮርም ሆነ ካሜራ ሠሪ፣ ድንኳን አከራይም ሆነ ሥጋ ቤት ያለው ሰው ዕቅዱን ያስተካክላል። በዓሉን የማያከብር ነጋዴም ቢሆን ገበያው አይምረውም።

እሺ፣ ፋሲካ ለምን እንዲህ ይዘላል? ሦስት የማይስማሙ ነገሮችን ለማስማማት ስለሚሞክር ነው፦ ፀሐይ፣ ጨረቃና ሳምንት።

ሁለት እቁብ ያለው ሰው

ሁለት እቁብ አላችሁ እንበል። አንዱ በየ4 ሳምንቱ፣ ሌላው በየ6 ሳምንቱ ይሰበሰባል። ዛሬ ሁለቱም አንድ ቀን ዋሉ። እንደገና መቼ ይገጣጠማሉ? 4 በ6 አባዝቶ 24 የሚል አይጠፋም። ግን በ12ኛው ሳምንት ይገናኛሉ። 4ና 6 ሁለቱም ለ2 ስለሚካፈሉ ቀድመው ይገጥማሉ።

አሁን ደግሞ አንዱ በየ4፣ ሌላው በየ7 ይሁን። 4ና 7 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ አቋራጭ የለም፤ የግድ 4 × 7 = 28 ሳምንት መጠበቅ ነው።

በቃ፣ የባሕረ ሐሳብ ልብ ይሄ ነው። የጋራ አካፋይ ያላቸው ዙሮች ቶሎ ይገናኛሉ፤ የሌላቸው ደግሞ ዙራቸው ሙሉ በሙሉ እስኪባዛ ይጠባበቃሉ።

28 ከየት መጣ?

ዓመት 365 ቀን ነው። ለ7 ሲካፈል 52 ሳምንት ሆኖ 1 ይተርፋል። ለዚህ ነው ዘንድሮ ሐሙስ የገባው እንቁጣጣሽ በቀጣዩ ዓመት ዓርብ የሚገባው። በየአራት ዓመቱ ግን ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ያኔ ሁለት ቀን ይዘላል። አራቱ ዓመት አንድ ላይ 1,461 ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 5።

5ና 7 የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ይሄ የ5 ቀን ዝላይ ተመልሶ መነሻው ላይ የሚያርፈው ከሰባት ዙር በኋላ ነው። 7 × 4 = 28 ዓመት። ይሄ «ዐውደ ፀሐይ» ይባላል።

19 ደግሞ?

19 የጨረቃ ነው። 19 የፀሐይ ዓመት ማለት 6,939 ቀን ከ18 ሰዓት ነው። 235 የጨረቃ ወር ደግሞ ሲደመር ከዚህ የሚያንሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። 19 ዓመት ሙሉ ሄደው ልዩነታቸው ከአንድ ፊልም አይበልጥም! ስለዚህ ጨረቃ በየ19 ዓመቱ በግምት ያው ቀን ላይ ትሞላለች። ይሄን ባቢሎናውያንና ግሪኮችም ያውቁት ነበር። በእኛ «ዐውደ አበቅቴ» ነው።

አሁን 19ኝን ከ28 ጋር እናገናኘው። 28 ማለት 2 × 2 × 7 ነው። 19 ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ማንም አይካፈለውም። የጋራ አካፋይ የለም፣ አቋራጭም የለም፦ 19 × 28 = 532።

የጨረቃው ዙር 20 ቢሆን ኖሮ ሁሉም በ140 ዓመት ይገጥም ነበር። 21 ቢሆን ደግሞ በ84። ዙሩን እንዲህ ያረዘመው የ19 ብቸኝነት ነው።

በመሃል «ዐውደ ማኅተም» የሚባል የ76 ዓመት ዙርም አለ። 19 × 4 ነው፦ ጨረቃና ወንጌላዊው የሚገናኙበት፣ የሳምንቱ ቀን ግን ገና ያልደረሰበት። 76ን በ7 ስታባዙት 532 ይመጣል።

ቁጥሩን እንፍታው

532 ዓመት ውስጥ ጳጉሜን 6 የምትሆነው 133 ጊዜ ነው። ቀኑ ሲደመር 194,313። ይሄ ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ሲፈታ፦

3 × 7 × 19 × 487 = 194,313

እዚህ ውስጥ ሁሉም አለ። 7 የሳምንቱ ነው፤ ስለሚካፈልለት ዙሩ ልክ 27,759 ሳምንት ይሆናል፣ ቀሪ የለም። 19 የጨረቃው ነው። 3 × 487 ደግሞ 1,461 ነው፤ የአራቱ ወንጌላውያን ዓመታት ቀን።

ይሄን ለማረጋገጥ ካልኩሌተር መክፈት ትችላላችሁ። ግን የግዕዝ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ሌላ መንገድ አለው። 194,313 በግዕዝ ሲጻፍ ፲፱፼፵፫፻፲፫ ነው። ምልክቶቹን ልብ በሉ፦ ፼ እና ፻ በመሃል እየገቡ ቁጥሩን ሁለት ሁለት አሃዝ አድርገው ይከፋፍሉታል፦ 19፣ 43፣ 13። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ በመቶ በመቶ ነው የሚሄደው።

100 ለ7 ሲካፈል ቀሪው 2 ነው። ስለዚህ ከቀኝ ተነስታችሁ የመጀመሪያውን እንዳለ፣ ሁለተኛውን በ2፣ ሦስተኛውን በ4 አባዙና ደምሩ፦ 13 + 86 + 76 = 175። 175 ደግሞ 7 × 25 ነው። ትልቁም ቁጥር ለ7 ይካፈላል ማለት ነው። ለ3 ከሆነማ የበለጠ ይቀላል፤ ዝም ብላችሁ ደምሩ፦ 19 + 43 + 13 = 75። ለ3 ይካፈላል፣ አለቀ።

አሁን ራሳችሁ አውጡት፦ የ2018 ፋሲካ

1. 5500 ደምሩ፦ 5500 + 2018 = 7518። ይሄ ዓመተ ዓለም ነው።

2. ለ4 አካፍሉ፦ 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። ቀሪ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። (ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ማብቂያ ላይ ነው።) 1879ኙ «መጠነ ራብዒት» ይባላል።

3. 7518 + 1879 = 9397። ለ7 አካፍሉ፦ ቀሪ 3። ቀሪ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ 0 ሰኞ ነው። የ2018 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበር። ልክ ነው አይደል?

4. 7518ን ለ19 አካፍሉ፦ ቀሪ 13። አንድ ቀንሱ፤ 12። ይሄ «ወንበር» ነው። (ቀሪው 0 ከሆነ ወንበሩ 18 ይሆናል።)

5. ወንበሩን በ11 አባዙ፦ 132። ሠላሳ ሠላሳውን ግደፉ፤ 12 ይቀራል። ይሄ «አበቅቴ» ነው። 11 የመጣችው 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ስለሆነ ነው፤ ከ365 ስትቀነስ 11። አሁን ወንበሩን በ19 አባዙ፦ 228። ሠላሳውን ስትገድፉ 18። ይሄ «መጥቅዕ» ነው። ልክ መሆናችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው። 12 + 18 = 30።

6. መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ነው፤ ካነሰ በጥቅምት። (14 ራሱ ቢመጣስ? አይመጣም። አስራ ዘጠኙንም ወንበር ብትሞክሩ አንዱም 14 አይሰጥም።) እኛ 18 ስላለን መስከረም 18። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ 18 እሑድ ነው። እያንዳንዱ ቀን «ተውሳክ» አለው፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 18 + 7 = 25። ይሄ «መባጃ ሐመር» ነው።

7. በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ነነዌ በጥር፣ በጥቅምት ከዋለ በየካቲት ነው። (በመስከረም ውሎ ድምሩ ከ30 ካለፈ 30ውን ገድፋችሁ ወደ የካቲት ውሰዱት።) ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25። 14 ቀን ጨምሩ፦ ዐቢይ ጾም የካቲት 9። ከነነዌ 69 ቀን ጨምሩ፦ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

አያችሁ? ከመደመርና ከማካፈል ያለፈ ነገር የለም። አስቸጋሪው ስሙ እንጂ ሥራው አይደለም። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ «ሞዱሎ» ተብሎ የሚሠራው ነገር ያው «ግደፍ» የሚባለው ነው፦ ሙሉውን ጣል፣ ቀሪውን ያዝ። በኢንተርኔት ስትገዙና መልእክት ስትልኩ ከሚጠብቋችሁ ምስጢራዊ ቁልፎች አንዱ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው አርኤስኤ፣ የሚሠራው በቀሪና በብቸኛ ቁጥሮች ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። 194,313ን ለመፍታት አንድ ሻይ እስክትጠጡ ይበቃል፤ የአርኤስኤ የተለመደው ቁልፍ ግን 617 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፣ የሚፈታውም አልተገኘም።

ወጥመዱ

የ2007 ፋሲካም ሚያዝያ 4 ነበር። የ2007 እንቁጣጣሽም ሐሙስ ነበር። ነነዌውም ጾሙም ከ2018 ጋር አንድ ነው። ታዲያ አንድ ሰው «በቃ፣ ከ2007 ጀምሮ ያለውን ካሌንደር ገልብጬ ልጠቀም» ቢል?

አንድ ዓመት ይሠራለታል፤ ከዚያ ይሰበራል። 2007 ሉቃስ ነው፣ 2018 ማርቆስ። በ2007 መጨረሻ ጳጉሜን 6 ነበረች፣ በ2018 መጨረሻ 5 ናት። ስለዚህ የ2008 ፋሲካ ሚያዝያ 23 ዋለ፤ የ2019ኙ ግን ሚያዝያ 24 ነው። በአንድ ቀን ሳተ። በዓል በአንድ ቀን መሳት ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ፋሲካ ቅዳሜ ይሆንባችኋል!

ነጠላ ቀኖች በየ11 ዓመቱም በሌላ ጊዜም ሊደገሙ ይችላሉ። ተከታታዩ ሙሉ በሙሉ ሳይዛነፍ የሚደገመው ግን በ532 ብቻ ነው። የ2018 እውነተኛ መንትያ 1486 ዓ.ም. ነው፤ አፄ እስክንድር የነበሩበት ጊዜ። ያኔም እንቁጣጣሽ ሐሙስ ገብቶ፣ ዘመኑ ማርቆስ ሆኖ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ውሏል። በዚያ ዓመት የተሠራ የበዓላት ሰንጠረዥ ዛሬ ቢገኝ አንድ ፊደል ሳይቀየር ይሠራል።

የፈረንጁስ?

ይሄ የ532 ዓመት ዙር የእኛ ብቻ አይደለም። እስክንድርያ ላይ አንያኖስ የተባለ መነኩሴ በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ተጠቅሞበታል፤ አውሮፓም ለብዙ መቶ ዓመት ይዞት ነበር። የእኛ ትውፊት ቀመሩን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጣል። የሒሳብ ታሪክ አጥኚው ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የሰማይና የዘመን ቆጠራ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል፤ በአማርኛ ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» የሚለውን አዘጋጅተውልናል።

ምዕራቡ በ1582 እ.ኤ.አ. ካሌንደሩን አሻሻለ። ለፀሐይ ይበልጥ ቀረበ፤ ግን ውብ የሆነው ዙር ፈረሰ። የግሪጎርያን ፋሲካ ሙሉ በሙሉ ራሱን የሚደግመው በ5,700,000 ዓመት ነው። በ532 ፋንታ!

የእኛ ቀላልነትም ዋጋ ያስከፍላል። ያቺ የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት በየ310 ዓመቱ ገደማ አንድ ቀን ትሆናለች። ተጠራቅማ ዛሬ በስሌት የምትሞላው ጨረቃ ሰማይ ላይ ካለችው ከ4 እስከ 5 ቀን ትዘገያለች። ከሽሮ ሜዳ በላይ እንጦጦ ተራራ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ እዚያ ሆኖ ጨረቃን የሚያይና ከታች አበቅቴ የሚያወጣ ሰው አይስማሙም። ሁለቱም ግን አልተሳሳቱም። አንዱ ሰማዩን ያያል፤ ሌላው ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ስምምነት ያሰላል። ጎንደር ያለው፣ ሐዋሳ ያለው፣ ዋሽንግተን ያለው ሰው ሳይደዋወሉ አንድ ቀን ላይ የሚደርሱት ለዚህ ነው።

አፕ ለምትሠሩ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር፦ «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ከሉቃስ በኋላ 12» ብላችሁ ኮድ ውስጥ አትቸክሉ። የፈረንጆቹ 2100 ፌብሩዋሪ 29 የላትም። ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፣ ከሉቃስ በኋላ ደግሞ 13። 194,313 በእኛ ካሌንደር እንጂ በእነሱ ላይ አይሠራም።

የቤት ሥራ

የ2020ን አውጡ። ዓመተ ዓለሙ 7520 ነው። እንቁጣጣሽ እሑድ፣ ወንበሩ 14፣ መጥቅዑ 26 መምጣት አለበት። መጨረሻ ላይ ፋሲካ ሚያዝያ 8 ካልወጣላችሁ ከደረጃ 4 ጀምራችሁ ቀሪያችሁን ደግማችሁ እዩ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ወንበር ላይ አንድ መቀነሱን ረስቶ ነው።

ከወጣላችሁ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ለሚሠራ ዘመድ፣ ጓደኛ ወይ ጎረቤት ላኩለት። ክሩን መቼ እንደሚገዛ ከአሁኑ ይወቅ።